ማታ መሬት፣ ቀን ጨዋታ፦ የማይንክራፍት ሰርቨር ላግ እንዴት ይቀነሳል?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጅማ እንደ ልማዷ ዝናቧን ታወርደዋለች። ኮቺ ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ጓዳ ውስጥ ስድስት ልጆች ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ማይንክራፍት ይጫወታሉ። ድንገት አንዱ ይጮሃል፤ «ጋሼ፣ የሰበርኩት ድንጋይ ተመልሶ መጣ!» ሌላኛዋ ትቀበላለች፤ «የኔም በር አልከፈት አለ!» ሦስተኛው ጭጭ ብሏል። ኤሊትራ (የጨዋታው የመብረሪያ ክንፍ) ለብሶ፣ ርችት እየተኮሰ፣ መንደር ፍለጋ ወደ ምዕራብ እየከነፈ ነው። ላጉን (የጨዋታውን መዘግየት) ያመጣው እሱ ነው። ግን አያውቅም።

እኔም ለወራት አላወቅኩም ነበር። ራም ጨመርኩ። ራውተር ቀየርኩ። «ዛሬ አራት ልጅ ብቻ» ብዬም ሞከርኩ፣ ሁለቱ አኮረፉኝ። ለካ ችግሩ መሬቱ ነው።

የማይንክራፍት ዓለም ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም። ተጫዋቹ ወደ አዲስ ቦታ ሲሄድ ሰርቨሩ (ሁሉም ልጆች የሚገናኙበት ኮምፒውተር) እዚያው ይሠራለታል። ሥራው በቸንክ በቸንክ ነው። አንድ ቸንክ ወርዱ 16 ብሎክ፣ ርዝመቱ 16 ብሎክ ነው፤ ከ-64 ተነስቶ እስከ 320 ይቆማል። ለእያንዳንዱ ተራራው፣ ዋሻው፣ ማዕድኑ፣ ዛፉ፣ ብርሃኑ ሁሉ ይሰላል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ማንበብ ብቻ ነው፣ ማንበብ ደግሞ ከመሥራት በጣም ይቀላል።

ቡና እንግዳ ፊት ይቆላል። ወጉ ነው፣ አልከራከርም። መንገድ ዳር ጀበና የምታፈላው እህታችን ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንደ አዲስ ልቁላ ብትል ወረፋው ኪቶ ፉርዲሳ ይደርስ ነበር። ቆልታ፣ ወቅጣ ነው የምትጠብቀው። ሰርቨሩም እንደዚያ መሬቱን ቀድሞ ሠርቶ ይጠብቅ ነው የምላችሁ።

ቁጥሩን እዩት። የእይታ ርቀት (ተጫዋቹ ስንት ቸንክ ርቆ እንደሚያይ) 10 ከሆነ (ካልነካችሁት 10 ነው) ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ተጫዋች ዙሪያ 21 በ21፣ ማለትም 441 ቸንክ ይይዛል። ልጁ አንድ ቸንክ ወደፊት በተጓዘ ቁጥር ፊቱ ላይ 21 አዳዲስ ቸንክ ይፈለጋል። በእግሩ ሲሮጥ በሰከንድ 5.6 ብሎክ ስለሚሄድ ይህ በሰከንድ 7 ቸንክ ገደማ ነው። ደህና ነው፣ ይቻላል። በኤሊትራና በርችት ግን በሰከንድ ከ30 ብሎክ በላይ ይበራል። ያኔ በሰከንድ 40 ቸንክ ልትሠሩለት ነው። ሁለት ልጆች በተለያየ አቅጣጫ ቢበሩ 80። የኔ አሮጌ ዴስክቶፕ ይህን አይችልም።

አንድ ነገር ከመጀመሬ በፊት። ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍኩት እንደሚነበቡ ነው። እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። ጨዋታው ውስጥ ሆናችሁ ከሆነ ፊታቸው ላይ ስላሽ ይግባ፤ በሰርቨሩ ኮንሶል (የትዕዛዝ መስኮቱ) ላይ ከሆነ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ጥፋተኛው መሬቱ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። እኔ ዘልዬው ነው ራውተር የገዛሁት።

ላጉ አንድ ልጅ ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ የዋይፋይ ወይም የእሱ ላፕቶፕ ነው። ሁሉም በአንድ ሰከንድ «ኧረ!» ካሉ ሰርቨሩ ነው። የሰበሩት ብሎክ ተመልሶ መምጣቱም የሰርቨር ምልክት ነው፤ ሰርቨሩ ዘግይቶ «አልሰበርክም» እያለ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ጠይቁት። ሰርቨራችሁ የሚሠራበት ፕሮግራም ፔፐር የሚባለው ከሆነ «ቲፒኤስ» ብላችሁ ጻፉ። ጤነኛ ሰርቨር 20 ይላል። ጨዋታው በሰከንድ 20 ጊዜ ይመታል፣ ለእያንዳንዱ ምት 50 ሚሊ ሰከንድ አለው። ከዚያ ካለፈ ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። «ኤምኤስፒቲ» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ አንዱ ምት ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀ ያሳያችኋል። እኔ ይሄኛውን ነው የምወደው፤ ቲፒኤሱ ገና 20 እያለ 45 ላይ የደረሰ ሰርቨር ሊወድቅ እንደተቃረበ ይነግራችኋል።

አሁን ፈተናው። ሁሉም ልጆች ባሉበት ይቁሙ። አምስት ደቂቃ። (ስድስት ልጅ አምስት ደቂቃ ማስቆም ከሁሉም የከበደው ክፍል ነው። ለኔ የሠራው ሳምቡሳ ነው።) ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ አንዱ ማንም ወዳልሄደበት ይብረር። እንደገና ቁጥሩን ጻፉ።

ቆመው 20፣ ሲበር 13 ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ቆመውም 13 ከሆነ ግን መሬት ቀድሞ መሥራት አያድናችሁም። እንስሳ፣ ሆፐር (ዕቃ የሚያስተላልፈው ብሎክ)፣ ሬድስቶን (የጨዋታው ኤሌክትሪክ) ነው። እኔ ጋ አንዱ ልጅ ከ200 በላይ ዶሮ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አጉሮ አግኝቼዋለሁ። ዶሮ ለማን ቀርቶ! እንዲህ ያለውን ስፓርክ የሚባለው መመርመሪያ ያወጣላችኋል፤ ያ ግን ሌላ ቀን።

ድንበር

ማለቂያ የሌለው ዓለም ቀድማችሁ ልትሠሩ አትችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ አጥር።

እኔ ለአሥር ልጆች ከመሃል በየአቅጣጫው 3000 ብሎክ ይበቃል ባይ ነኝ። «ትንሽ ነው» የሚል አይጠፋም። ከመሃል እስከ ጠርዙ ሮጦ ለመድረስ 9 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ሞክሩት። ሁለተኛው ምክንያቴ ይበልጣል። ወደ ኢንደር ድራጎኑ (የጨዋታው ትልቁ ጠላት) የሚወስዱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽጎች ሁልጊዜ ከመሃል ከ1280 እስከ 2816 ብሎክ ባለው ቀለበት ውስጥ ናቸው። 3000 ብላችሁ ስታጥሩ ሦስቱም ውስጥ ይገባሉ። 2000 ብትሉ ግን ሦስቱም ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ያኔ ልጆቹ አይለቋችሁም።

ድንበሩን «ወርልድቦርደር ሴንተር 0 0» ከዚያ «ወርልድቦርደር ሴት 6000» ብላችሁ አስገቡ። 6000 ነው ያልኩት፣ 3000 አይደለም። ይህ ትዕዛዝ የሚፈልገው ሙሉ ወርዱን ነው። በኋላ የምናገኘው ቸንኪ (መሬቱን ቀድሞ የሚሠራልን ፕሮግራም) ደግሞ ግማሹን፣ ራዲየሱን ነው የሚፈልገው። እኔ ሁለቱንም 6000 አልኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሰርቨሩም ተዘግቷል። ራዲየስ 3000 ማለት 140 ሺህ ገደማ ቸንክ ነው። ራዲየስ 6000 ማለት 560 ሺህ ገደማ። እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው።

ዓለማችሁ የቆየ ከሆነ፣ ከማጠራችሁ በፊት ራቅ ብሎ ቤት የሠራ ካለ ጠይቁ።

ቸንኪን አስገቡና በትንሹ ሞክሩ

ቸንኪ ነፃ ነው። ለፔፐርና ለስፒጎት ሰርቨር በፕለጊን (በተጨማሪ ፋይል) መልክ፣ ለፋብሪክና ለፎርጅ ሰርቨር ደግሞ በሞድ መልክ አለ። ለሰርቨራችሁ ስሪት የሚሆነውን አውርዱ። ሰርቨሩን በ«ስቶፕ» ዝጉት፣ ፋይሉን ፕለጊንስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ጣሉት፣ መልሳችሁ ክፈቱ። በስልክ የሚጫወቱ ልጆች ካሏችሁ ልብ በሉ፤ ቸንኪ የጃቫው (የኮምፒውተሩ ማይንክራፍት) ሰርቨር ላይ እንጂ የቤድሮኩ (የስልኩ) ላይ አይሠራም። ባለ ስልኮቹን ጋይዘር በሚባለው ፕለጊን ወደ ጃቫው ማስገባት ይቻላል።

ከመንካታችሁ በፊት የዓለሙን ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሰርቨሩ ተዘግቶ እያለ። ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ በኋላ ይገባችኋል።

አሁን እነዚህን በተራ፦

«ቸንኪ ወርልድ ወርልድ»። ተሳስቼ ደግሜ አይደለም፤ ሁለተኛው የዓለማችሁ ፎልደር ስም ነው።
«ቸንኪ ሴንተር 0 0»
«ቸንኪ ራዲየስ 500»
«ቸንኪ ስታርት»

500 ያልኩት ለሙከራ ነው። 4 ሺህ ገደማ ቸንክ ይሆናል። ኮንሶሉ ስንት እንደሠራ፣ ስንት በመቶ እንደደረሰ፣ በሰከንድ ስንት እንደሚሠራና ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ይጽፋል። ሁለት ነገር ማስታወሻ ላይ አስፍሩ፦ በሰከንድ የሚሠራውንና የዓለሙ ፎልደር ውስጥ ያለው ሪጅን የሚባል ፎልደር ምን ያህል እንዳደገ።

ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። 3000 የ500 ስድስት እጥፍ ነው። ስድስት በስድስት፣ 36። ፎልደሩ በሙከራው 30 ሜጋባይት ካደገ፣ ሙሉው 1.1 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። ፍጥነቱም እንዲሁ። የኔ ዴስክቶፕ በሰከንድ 30 ቸንክ ገደማ ነው የሚሠራው፤ 140 ሺሁን ለመጨረስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የእናንተ 100 ከሠራ ቡና ጠጥታችሁ ሳትነሱ ያልቃል። ሙከራው አዲስ መሬት ላይ ካልሆነ ግን ቁጥሩ ያታልላችኋል፣ የተሠራውን ቸንክ ዘልሎት ነው የሚያልፈው።

አሁን ዋናው ሥራ

ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ «ቸንኪ ራዲየስ 3000» ከዚያ «ቸንኪ ስታርት»። በቃ።

ሰው እየተጫወተ ማስኬድ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ስለሚጠመድ ልጆቹ ከበፊቱ የባሰ ላግ ያያሉ። አንዱ በመሀል ከገባባችሁ «ቸንኪ ፖዝ»፣ ሲወጣ «ቸንኪ ኮንቲኒዩ»። የት ደረሰ ለማለት «ቸንኪ ፕሮግረስ»።

ኮምፒውተሩ ይግላል። የኔው ለሁለት ዓመት አቧራ የጠጣ ነበርና እንደ ወፍጮ ቤት ነበር የሚጮኸው። ቀድማችሁ ማራገቢያውን በብሩሽ ጥረጉለት።

ከዚህ የተሻለ መንገድ ልንገራችሁ። ጠንካራ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ካላችሁ (ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አይጠፋም) መሬቱን እሱ ላይ ሥሩት። ሰርቨሩን ዝጉ፣ ፎልደሩን በሙሉ በፍላሽ ውሰዱ፣ እሱ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ የፔፐር ስሪትና ቸንኪን ከፍታችሁ አስኬዱት፣ ሲያልቅ መልሱት። እስኪመለስ ድረስ እናንተ ጋ ማንም አይጫወት፣ አለዚያ በመሀል የሠሩት ይጠፋል። ስሪቱ አንድ ይሁን። ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪ አለው። ያ በራሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ነው።

መብራት ሲሄድ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ያለቀስኩት። እኔ ሳልሆን ልጅቷ።

ክረምት ነበር። ነጎድጓዱ ከጂሬን በኩል ጀመረ። ሥራው 80 በመቶ ላይ እያለ መብራት ድርግም። ዩፒኤስ አልነበረኝም። ሲመለስ «ቸንኪ ኮንቲኒዩ» አልኩ፣ ካቆመበት ቀጠለ፣ ጨረሰ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ልጅቷ ገባችና «ጋሼ፣ ቤቴስ?» አለችኝ። ሦስት ሳምንት የሠራችው ቤት፣ እርሻው፣ የፈረስ ጋጣው የለም። በቦታው ሰው ያልረገጠው ጫካ በቅሏል።

የሆነው ይህ ነው። ዓለሙ ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ሪጅን በሚባሉ ፋይሎች ነው። አንዱ ፋይል 32 በ32 ቸንክ ይይዛል፣ ማለትም 512 በ512 ብሎክ። አንዱ ፋይል እየተጻፈ እያለ መብራት ከሄደ ሊበላሽ ይችላል። ሰርቨሩ የተበላሸውን ማንበብ ሲያቅተው ቦታውን እንደ አዲስ ይሠራዋል።

ባክአፕ (ያ አስቀምጡ ያልኳችሁ ኮፒ) ካላችሁ መድኃኒቱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ዓለሙን በሙሉ መመለስ አያስፈልግም፣ ያቺን አንዲት ፋይል ብቻ። እንዲህ ትፈልጓታላችሁ፦ የቤቱን ኤክስና ዜድ (ቦታውን የሚያመለክቱ ቁጥሮች) ለ512 አካፍሉና ወደ ታች አጠጋጉ። የልጅቷ ቤት ኤክስ 700፣ ዜድ -200 ላይ ነበር። 700 ለ512 ሲካፈል 1.37፣ ወደ ታች 1። -200 ለ512 ሲካፈል -0.39፣ ወደ ታች -1። ዜሮ አይደለም፤ ኔጌቲቭ ወደ ታች ሲጠጋጋ -1 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ስሟ ውስጥ 1 እና -1 ያለባትን ፋይል ፈልጉ። ሰርቨሩን ዝጉ። ከባክአፑ ሪጅን ፎልደር አምጥታችሁ ተኩ። ኢንቲቲስ ከሚለው ፎልደርም ያቺኑ ስም ያላትን ፋይል አምጡ፣ ፈረሱ ያለው እዚያ ነው።

ፈረሱን ረስቼው ነበር። ሁለተኛ ዙር ለቅሶ።

ዩፒኤስ መግዛት ከቻላችሁ ግዙ። ሰዓታት እንዲቆይ አትጠብቁበት፤ «ስቶፕ» ብሎ በሥርዓት ለመዝጋት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ካልቻላችሁ ሥራውን ከፋፍሉት። ዛሬ ራዲየስ 1000፣ ነገ 2000፣ ከነገ ወዲያ 3000። የተሠራውን ስለሚዘል ምንም አይባክንም፣ በየመሀሉም ባክአፕ ትይዛላችሁ።

ኔዘርና ኢንድ

ከዋናው ዓለም ሌላ ጨዋታው እነዚህ ሁለት ዓለሞች አሉት፤ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ልጆቹ ግን አይረሱም።

ኔዘር ውስጥ 1 ብሎክ መራመድ ውጭ 8 ብሎክ ነው። የ3000 ድንበር እዚያ 375 ይሆናል ማለት ነው። እኔ ግን 1000 አደርገዋለሁ፤ በ375 ውስጥ የኔዘሩ የራሱ ምሽግ (ከድራጎኑ ምሽጎች የተለየ ነው) ላይገኝ ይችላል። የዓለሙ ስም ፔፐር ላይ ብዙውን ጊዜ «ወርልድ»፣ ከዚያ አንደርስኮር፣ ከዚያ «ኔዘር» ነው። ያንን በ«ቸንኪ ወርልድ» ምረጡና የቀረውን ድገሙ።

ኢንድ ላይ ውጭኞቹ ደሴቶች የሚጀምሩት ከመሃሉ 1000 ብሎክ ገደማ ርቆ ነው። ኤሊትራ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ሁሉም የሚከንፈው ወደዚያው ነው። 2000 ሥሩ። አብዛኛው ባዶ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ

ያንን የመጀመሪያውን ፈተና ድገሙ። ልጁ ይብረር፣ ቁጥሩን እዩ። እኔ ጋ ከ13 ወደ 19 እና 20 ነው የመጣው። ያው በራሪ ልጅ «ጋሼ፣ ኢንተርኔት አስጨመርክ እንዴ?» አለኝ። ሰርቨሩ እዚያው ጓዳ ነው፣ ኢንተርኔት አይነካውም። ዝም አልኩት።

አሁንም ትንሽ ከቀረ ሰርቨር ፕሮፐርቲስ የሚለውን ፋይል ክፈቱና የእይታ ርቀቱን ከ10 ወደ 8 አውርዱ። 441 የነበረው ቸንክ 289 ይሆናል። ሲሙሌሽን ዲስታንስ የሚለውን ደግሞ 6 አድርጉት፤ ሰብል የሚያድግበትና እንስሳ የሚንቀሳቀስበት ርቀት ነው። ልጆቹ ልዩነቱን አላዩም። ዲስካችሁ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብር ስታገኙ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ከዚያ ራም። እኔ ገልብጬ ነው የገዛሁት።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ አዳዲስ ስሪቶች። የተሠራ መሬት አይለወጥም። በ2024 መጨረሻ 1.21.4 ሲወጣ ፔል ጋርደን የሚባለው ነጣ ያለ ጫካ መጣ፣ ልጆቹም «የታለ?» አሉ። የለም። የኛ መሬት ቀድሞ ተሠርቶ አልቋል። ድንበሩን ከመጀመሪያው ሰፊ አታድርጉ የምለው ለዚህም ጭምር ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚበቅልበት ያልተነካ መሬት ይኑር። ድንበሩን ወደ 7000 አስፉ፣ የቸንኪን ራዲየስ 3500 አድርጉ፣ «ስታርት» በሉ። የድሮውን እየዘለለ ቀለበቱን ብቻ፣ 51 ሺህ ገደማ ቸንክ ይሠራል። በኔ ዴስክቶፕ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባክአፑን ግን መጀመሪያ።